ሰርግ ቤት ይዤው የገባሁት ኮምፒውተር

ይህ ነገር ከገጠመኝ አሥር ዓመት አልፎታል። ሁለት ሺህ አምስት ወይም ስድስት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። ስለ ዓመቱ እርግጠኛ ባልሆንም ወሩ ጥር እንደነበር ግን አልረሳም፤ ወልቂጤ ሁሉ ሰርግ ነበር። እኔ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። የዚያን እሑድ ነገር ግን እስከ ባጃጁ ወንበር ቀለም ድረስ አስታውሰዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ላይ ተቀምጬ ትዝ ይለኛል።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ባለቤቴ ከድር አስተማሪ ነው። የነበረችን አንዲት ልጅ ናት፤ ሃናን ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሃናን ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ክፍተት ነበረባት። እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ ትንሽ ትራመድና ቁጢጥ ትላለች። ቁጢጥ ስትል ትንፋሿ ይመለሳል። ከንፈሯና ጥፍሯ ሲጠቁር ሰው ያየኝና "ብርድ መቷት ነው?" ይለኛል። እኔም "አዎ" እላለሁ። ሁልጊዜ ማስረዳት ይደክማል።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ተመዝግበን ተራ እንጠብቅ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት የልጆቹን የልብ አልትራሳውንድ ቪዲዮ እዚያው አገራቸው ሆነው ያዩና የሚሠሩላቸውን ልጆች ይመርጣሉ። ይህን የምታስተባብር አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ምንትዋብ ትባላለች። ብዙ የማታወራ፣ ግን ቃሏን የምታከብር ሴት ናት።

አሁን ስለ ኮምፒውተሮቹ ልናገር፤ ያለዚያ ታሪኩ አይገባም።

ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ላፕቶፕ ነበር። ቤት ደግሞ ከድር ፈተና የሚያዘጋጅበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ሪፖርት ስጽፍ ትልቁ ስክሪን ስለሚመቸኝ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ማመላለስ ነበረብኝ። በፍላሽ ሞክሬ ተማርሬያለሁ። የዚያን ጊዜ ቫይረስ ትዝ የሚላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፍላሹን ሰክታችሁ ስትከፍቱት ፋይሉ ሁሉ ተሰውሮ ባዶ ታገኙታላችሁ። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ቤት መጥቶ አንዲት ትንሽ የዋይፋይ ራውተር አስገባልኝ። ኢንተርኔት የላትም። ሥራዋ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ማገናኘት ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ሼር አደረገልኝ፤ ላፕቶፑን ይዤ ቤት ገብቼ ስከፍተው ዴስክቶፑ ላይ ያ ፎልደር ብቅ ይላል። በዚህ ከሁላችን በላይ የተደሰተችው ሃናን ናት። ካርቱኖቿን እዚያ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥላታለሁ፤ እኔ ወጥ ስሠራ እሷ በዴስክቶፑ ታያለች።

አምና የተነሳችውን የልቧን አልትራሳውንድ ቪዲዮም ያስቀመጥኩት እዚያው ነበር። ዋናው ሲዲ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስደነው እዚያው ጠፍቷል። ዴስክቶፑን ቫይረስ ስለማያጣው ላፕቶፑ ይሻላል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ለመስክ ሥራ አረቅጥ ከተማ ነበርኩ። ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ከላይ ጫነው። "ዕቃ የሚሰበር ነገር አለበት" ብዬዋለሁ። "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። በኋላ መንገድ ላይ የድንች ጆንያ ከላዩ ሲጭኑበት አላየሁም። ወልቂጤ መናኸሪያ ወርጄ ቦርሳውን ስቀበል ቅርጹ ተበላሽቷል። ስከፍተው ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። የአንደኛው ጎን ጠርዝ፣ የሌላ ስክሪን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ጭምር፣ ተጨፍልቋል።

ያን ቀን ያሳሰበኝ የመሥሪያ ቤት ንብረት መሆኑ ብቻ ነበር። ሰኞ ለአለቃዬ ምን እላለሁ እያልኩ ተኛሁ። የልጄ ልብ እዚያ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላለኝም።

እሑድ ጠዋት ሲስተር ምንትዋብ ደወለች። በእሑድ ደውላ አታውቅም።

"የሃናን እናት፣ ሐኪሞቹ ምርጫውን አፍጥነውታል። ነገ ጠዋት የሁሉንም ፋይል እልክላቸዋለሁ" አለችኝ። "ባለፈው ወር የተነሳችው እኔ ጋ አለ። የአምናውንም ይፈልጉታል። ምን ያህል እንደባሰባት የሚያውቁት ሁለቱን አስተያይተው ነው።"

"ያለ እሱ አይሆንም?" አልኳት።

"ልዋሽሽ አልችልም። ያልተሟላውን ወደ ጎን ያደርጉታል። ቦታው ትንሽ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ነገ ሥራ ሳይጀመር ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የአምናው ቪዲዮ ተመልሶ ሊነሳ አይችልም። አምና አልፏል።

ለከድር ደወልኩ። አጎቱ ሞቶበት ቡታጅራ ለቅሶ ላይ ነበር። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል። ነገርኩት። "ልምጣ?" አለኝ። መጥቶ ምን ሊያደርግ? ቢመጣም ገና ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈልጋል። "አንተ ዱዓ አድርግ" አልኩት። ለኮምፒውተር ባለሙያው ስደውል አዲስ አበባ ነው፤ ሰኞ ከሰዓት እንደሚመለስና ዲስኩን ነቅሎ ሊያየው እንደሚችል ነገረኝ። ሰኞ ከሰዓት ለእኔ ዋጋ የለውም።

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ውስጡ ግን ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ሕይወት አለው ማለት ነው። ግን ስክሪኑ ሳይታይ ፋይል እንዴት ይቀዳል? ፍላሽ ሰካሁ። ሳላይ ኪቦርዱን ነካካሁ። ፍላሹን ነቅዬ ዴስክቶፑ ላይ ሳየው ባዶ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ሃናን እንዳታየኝ ድምፄን አፍኜ ነበር፤ እሷ ግን እዚያው ዴስክቶፑ ፊት ቁጭ ብላለች።

"እማ፣ የይለፍ ቃሉን አስገቢው" አለችኝ።

"ምን?"

"የአንቺን ኮምፒውተር። ካርቱኔ ያለበት ፎልደር የሚመጣው እሱን ስትጽፊ ነው።"

እኔ ስከፍት ሁልጊዜ ከጎኔ ቆማ ስለምትጠብቅ ታውቀዋለች። የይለፍ ቃሉ የእሷ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነው። ጥቁሩን ስክሪን እያየሁ ጻፍኩት። ምንም። አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። ያን ጊዜ ላፕቶፑ የመክፈቻ ድምፁን አሰማ። ጎኑ ላይ ያለችው የዋይፋይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቆየችና ቀጥ ብላ በራች።

"መጣ" አለች ሃናን። በዴስክቶፑ ስክሪን ላይ ፎልደሩ ወጥቷል።

ሳምኳት። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳት። የልቧን ፋይል አግኝቼ ኮፒ አልኩት። ከባድ ስለሆነ፣ ራውተሯም ደካማ ስለሆነች፣ ምን ያህል እንደተቀዳ የሚያሳየው መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ተነስቼ የአዲስ አበባ መንገድ ልብስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያልኩ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ዴስክቶፑ ቀጥ አለ። ራውተሯ ጠፋች። ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ወደ ደጅ ወጣሁ። የአከራያችን ግቢም ጠፍቷል፣ ከመንገዱ ማዶም ጠፍቷል። አንዲት ጎረቤት አጥሯ ላይ ሆና "የከተማው ዋና ትራንስፎርመር ነው ይላሉ፣ ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም" አለችኝ።

ጠበቅኩ። የጠበቅኩትን ጊዜ አላውቀውም። ላፕቶፑ ባትሪውን እንዳይጨርስ አጠፋሁት። ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ሃናን በሩ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ከሰዓት ሲሆን ቆርጬ ተነሳሁ። መብራት ወዳለበት መሄድ አለብኝ። ላፕቶፑ የሚያውቀው የእኔን ራውተር ብቻ ስለሆነ ሁሉም አብሮ መሄድ አለበት። ዴስክቶፑን ከነስክሪኑ፣ ከነኪቦርዱ፣ ራውተሯን፣ ገመዱን ሁሉ ነቅዬ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፤ ከድር ያስቀመጣቸውን ባዶ ሲዲዎችም ጨመርኩ። ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ ዕቃውን አይቶ "ቤት እየቀየራችሁ ነው?" አለ። "ጄኔሬተር ያለበት አድርሰኝ" አልኩት። ሃናንን ስክሪኑን አስታቅፌ ከጎኔ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ አስፋልቱ ዳር ወዳለ ሆቴል ሄድን። ጥበቃው ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም አለ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ጣጣ ያመጣሁበት እንደመሰለው ግን ከፊቱ ያስታውቃል። ቀጥለን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። እሑድ ስለሆነ ተዘግቷል። በሩን ደበደብኩ። ማንም የለም። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ዞረና ፊቴን አየኝ። ያን ጊዜ ማልቀሴን ትቼ ነበር።

"ወደ ጉብሬ እንሂድ?" አለኝ። "እዚያ ይኖር ይሆናል።"

አጠገባችን ያለችው ከተማ ጉብሬ መብራት የምታገኘው ከዚያው መስመር ይሁን አይሁን አላወቅኩም። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሃናን ግን እጇን ከፍ አድርጋ "ሙዚቃ ይሰማል" አለች።

እውነትም ከሩቅ የሰርግ ዘፈን ይሰማል። መብራት በጠፋ ከተማ የድምፅ ማጉያ የሚጮኸው በምንድን ነው? ሹፌሩ ገባው። ምንም ሳልለው ባጃጁን አስነስቶ ወደ ድምፁ ነዳ።

የሙሽሪት ወገን ሰርግ ነው። ግቢው ሙሉ ድንኳን ተጥሏል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ጀርባ ይንደቀደቃል። ከባጃጁ ወርጄ ስገባ አስተናጋጆቹ የተጠራሁ እንግዳ መስያቸው ቦታ ሊሰጡኝ ፈለጉ። ከጭንቀቴ ብዛት የሰርጉ እንግዳ አለመሆኔን እንኳ ማስረዳት አቃተኝ። "ባለቤቶቹን አገናኙኝ" አልኩ።

የሙሽሪት እናት መጡ። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ ያኔ ግን ስማቸውን አላውቅም። ደልደል ያሉ፣ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ፣ ላባቸው በግንባራቸው የሚወርድ ሴትዮ ናቸው።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ሰው ሞቶ ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ኮምፒውተር አልኩ፣ ልብ አልኩ፣ ነገ ጠዋት አልኩ። አንድም ነገር በወጉ የገባቸው አይመስለኝም። ግን ከኋላዬ ሃናን ትንሽ ስለተራመደች ቁጢጥ ብላ ነበር። ከንፈሯን አዩት።

"ግቡ" አሉ።

ድምፅ ማጉያው ካለበት አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሹፌሩ ዕቃውን ተሸክሞ አገባልኝ። ገመዱን ሰካካሁ። ዴስክቶፑ በራ። ራውተሯ በራች። ላፕቶፑን ከፍቼ የይለፍ ቃሉን በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፍኩ። ፎልደሩ ወጣ። ኮፒ አልኩ። መስመሩ መሙላት እንደጀመረ ከድምፅ ማጉያው ከበድ ያለ ምት ሲወጣ የጄኔሬተሩ ጉልበት ወረደ፤ ዴስክቶፑ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደገና ምት፣ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ወደቅኩ።

እትዬ በላይነሽ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። "ምንድን ነው የሚያጠፋው?" አሉ።

"ሙዚቃው" አልኩ። ይህን ስል ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው ሰርግ ላይ ያልተጠራሁ ሴትዮ ገብቼ ሙዚቃ አቁሙ እያልኩ ነው።

ወደ ዲጄው ዞሩና "አቁመው" አሉት።

"እትዬ፣ ሙሽራው እኮ መንገድ ላይ ነው። ደርሰናል ብለው ደውለዋል። በምን ሊገባ ነው?"

"በከበሮ ይገባል። ከበሮ መብራት አይፈልግም።"

አንድ ጠና ያለ ዘመዳቸው ከተቀመጠበት ተነሳ። ተቆጥቷል። "በላይነሽ፣ የልጅሽን ቀን ልታበላሺ ነው እንዴ? ነገ ቢሮ ገብታ አትሠራውም?"

"ነገማ ምን ዋጋ አለው?" አሉት። "የሷም ልጅ ናት።"

ሰውየው ሃናንን አያት። ተመልሶ ተቀመጠ። ዲጄው ማጉያውን ነቀለ። ግቢው በአንዴ ዝም አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ከሴቶቹ መሀል አንዷ ከበሮ አነሳች፤ ማጨብጨብ ተጀመረ። የጉራጌ ጭብጨባ ሲግል ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑ ይነቃነቃል። እኔ ዓይኔን ከመስመሩ ላይ አላነሳሁም።

ግማሹን አልፏል። ከዚያ ቆመ። አልሞላም፣ አልጠፋምም። ኮምፒውተሩ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ላፕቶፑን ሳየው የዋይፋይ መብራቱ ጠፍቷል። ሞተ ብዬ ደረቴን መታሁ። ሃናን እጄን ያዘችኝ። "እማ፣ ተኝቶ ነው" አለችኝ። ካርቱን ስታይ እኔ ላፕቶፑን ካልነካሁት የሚተኛ መሆኑን ታውቃለች። ማብሪያውን ነካሁት። ማራገቢያው ዞረ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ጣቴ ተሳሳተ። እንደገና ጻፍኩ። ድምፅ የለም። በዚያ ጭብጨባ ውስጥ የመክፈቻ ድምፁን መስማት አይቻልም። ጆሮዬን ላፕቶፑ ላይ ለጥፌ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ቀጥ ብላ በራች።

ቅጂውን እንደገና አስጀመርኩትና በአንድ እጄ ላፕቶፑን እንዳይተኛ እየነካካሁ፣ ዓይኔ ዴስክቶፑ ላይ ሆኖ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ሙሽራው መምጣቱ ነው ብዬ አሰብኩ። አልዞርኩም። የማውቀውን ቁርኣን ሁሉ በልቤ ቀራሁ። አሁን ቢቋረጥ ምን አደርጋለሁ የሚለውን ማሰብ አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው።

አለቀ።

አላመንኩም። ፋይሉን ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ፣ መሀሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ እየተረጨ፣ የልጄ ልብ ሲመታ ታየ። አጠገቤ ወጥ የያዘች አንዲት ሴት ቆማ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ከእኔ ቀድማ ሃናን "የኔ ልብ ነው" አለች።

ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሌሎችም መጡ። እትዬ በላይነሽ በሰው መሀል ገብተው አጎንብሰው አዩት። ቀጥሎ ሃናንን አንስተው ታቀፏትና "የሙስሊሙ ምግብ ለብቻ ነው የተሠራው፣ ነይ አንቺ ብዪ" ብለው ወሰዷት። እኔ ወደ ሲዲ ገለበጥኩት፤ እንዳይከዳኝ ደግሞ ሁለተኛ ሲዲ ላይ ገለበጥኩት።

"በቃ?" አሉኝ ተመልሰው።

"በቃ።"

"ዕቃሽ እዚህ ይቀመጥ። ሂጂ።"

ዲጄው ገመዱን ሲሰካ ሰማሁ። እኔ ሲዲዎቹን ጡቴ ሥር ደብቄ፣ ሃናንን ይዤ፣ ደጅ ላይ ከተሰበሰበው ሰው ማንንም ልብ ሳልል ሾልኬ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም። መናኸሪያ ስንደርስ የመጨረሻው መኪና እየሞላ ነበር።

አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድረን ጠዋት የሲስተር ምንትዋብ ቢሮ በር ላይ ከጥበቃው ቀድሜ ነው የቆምኩት። ሲዲውን አስገብታ ከፈተችው። አየችው። "ይከፈታል" አለች። ይህችን አንዲት ቃል ስሰማ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን በአንዴ አላለቀም። ሃናን በመጀመሪያው ዙር አልተመረጠችም። ከእሷ የባሰባቸው ነበሩ አሉን። ለወራት ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን የማዳምጥበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ግን ፋይሏ የተሟላ ስለነበር ቀድመው ጠሯት። ተሠራላት። ከቀዶ ሕክምናው ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሯን ነው። ሮዝ ነበር። የልጄን ጥፍር በዚያ ቀለም አይቼው አላውቅም።

ዴስክቶፑን ለመውሰድ በዚያው ሳምንት ከከድር ጋር ወደ ሰርጉ ቤት ሄደን ነበር። እትዬ በላይነሽ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠው አቧራ እንዳይገባው ነጠላ አልብሰውታል። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሆነናል። በዒድ እነሱ ይመጣሉ፤ በፋሲካ እኛ እንሄዳለን።

አንድ ፋሲካ የሰርጉን ቪዲዮ ከፈቱልን። እኔ እስከዚያ ቀን ያላወቅኩትን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ከሩቅ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታለች። ሻርፗ ወርዷል። ጆሮዋን ዕቃ ላይ ለጥፋለች። እኔ መሆኔን ከድር ሲነግረኝ ነው የገባኝ።

ቀጥሎ ካሜራው ወደ ውጭ በር ዞረ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ደጅ ቆሟል። ፀሐይ ላይ ነው። ሱፉ አንገቱ ድረስ ረጥቧል። የሙሽሪት አባት አቶ ተክሌ በሩ ላይ ቆመው እጁን ይዘው ያናግሩታል። ድምፃቸው በቪዲዮው ይሰማል።

"አንዲት የታመመች ልጅ ነገር ነው። አሁን ከገባህ ሰው ይነሳል፣ የእናቷን ገመድ ይረግጡባታል። ትንሽ ታገሠኝ።"

ሙሽራው ላቡን በመዳፉ ጠረገና "ችግር የለም አባባ፣ ትጨርስ" አለ። ሚዜዎቹ እዚያው ደጅ ቆመው ማጨብጨብ ጀመሩ።

እኔ የሰማሁት ጥሩምባ ሰዎቹ ሲገቡ የተነፋ መስሎኝ ነበር። ለካ ሙሽራ በገዛ ሰርጉ ቀን ደጅ ቆሞ እኔን ይጠብቀኝ ኖሯል። ጀርባዬን ሰጥቼው።

ቪዲዮውን ሳይ ምን እንደተሰማኝ በቃል መናገር ይከብደኛል። ዛሬም ሳስበው ግማሹ ሐፍረት ነው፣ ግማሹ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን በዓለም ላይ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር። የሆቴሉን ጥበቃ፣ የተዘጋውን ክሊኒክ፣ መብራት ያጠፋብኝን ሁሉ ስረግም ነው የዋልኩት። በዚያው ሰዓት የማላውቀው ወጣት ለልጄ ብሎ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ስሙ ዳዊት ነው። አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ሃናን "ጋሼ ዳዊት" ትለዋለች፤ ለምን እንደምትወደው ግን ሲጠይቋት "ዝም ብዬ ነው" ትላለች። እኔም በየሶላቴ ስሙን እጠራዋለሁ።